ለጭሳችን የሚሆን ድንኳን

(ይህ ጅማ ውስጥ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለሰፈር ነዋሪዎች ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ገበያችሁንም ስራችሁንም ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኋላ የተቀመጣችሁ እናቶች እባካችሁ ወደፊት ቅረቡ። የዛሬው ጉዳይ ከማናችንም በላይ የእናንተ ነው።

ዛሬ ማለዳ ጅሬን ወጥቼ ነበር። ከአባ ጅፋር ቤተ መንግስት አጠገብ ቆሜ ከተማውን ቁልቁል አየሁት። አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ጉሙ ገና አልተነሳም። ከጉሙ ስር ግን ሌላ ነገር ነበር። ሰማያዊ የሚመስል፣ ስስ፣ እንደ ነጠላ የተዘረጋ። ከየቤቱ ጣሪያ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ትንሽ ከፍ ይልና ይቆማል። ከዚያ ወደ ጎን ይተኛል።

ለምን እንደሚተኛ ብዙዎቻችሁ ሳትማሩት ታውቁታላችሁ። ሌሊት መሬቱ ይቀዘቅዛል። መሬቱን የነካው አየርም አብሮ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ጎድጓዳው ላይ ይቀመጣል፤ ጅማ ደግሞ ጎድጓዳ ላይ ነው ያለችው። ከላይ ያለው ሞቅ ያለ አየር እንደ አክንባሎ ይከድነዋል። የቁርስ ማገዶ ሲነድ ጭሱ አክንባሎው ስር ይቀራል። ሶስት ሰዓት አልፎ ፀሐይዋ ስትበረታ መሬቱ ይሞቃል፣ አክንባሎው ይነሳል። ከተማው ጥርት ይላል። እኛም "ጭሱ ጠፋ" እንላለን።

የመጣሁት ስለዚህች "ጠፋ" ስለምትባል ቃል ለመናገር ነው። ጭስ አይጠፋም። ይበተናል፣ ከዚያ ይለወጣል። ምን ሆኖ እንደሚለወጥ ማወቅ የምንችለው ደግሞ ይዘን ስናየው ነው። ነፋስ ላይ ያለን ነገር እንዴት ይዞ ማየት ይቻላል? ለዚህ ተብሎ የተሰራ ክፍል አለ። ቻምበር ይሉታል።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ላሳያችሁ። መብራቱን አጥፉልኝ።

እጄ ላይ ያለው ባለ 5 ሊትር የመስታወት ዕቃ ነው። ውስጡ ባዶ ይመስላል። ኦዞን የሚባል ከኦክስጅን የሚሰራ ጋዝ ጥቂት አለበት፤ በትንሽ መብራት የሰራሁት ነው፣ ክዳኑም ጥብቅ ነው። ይህችን ቀይ ጨረር በመስታወቱ አሳልፋለሁ። ውስጡ ምንም አይታይም አይደል? ጨረሩ ከወዲያ ማዶ ግድግዳው ላይ ነጥብ ሆኖ ያርፋል፣ መንገዱ ግን አይታይም። አሁን ከብርቱካን ልጣጭ ቁራጭ ጣል አድርጌ እከድነዋለሁ። አልጨመቅኩትም፣ ዝም ብዬ ነው የጣልኩት። ጠብቁ።

ይኸው። ጨረሩ ክር ሆኖ ታየ።

እሳት የለም፣ የሚነድ ነገርም የለም። የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ሊሞኒን የሚባል ጋዝ ነው። ሊሞኒኑ ኦዞኑን ሲያገኝ ተለወጠ። አዲሱ ነገር ጋዝ ሆኖ መቆየት አልቻለም፣ ተጠራቅሞ ደቃቅ ብናኝ ሆነ። ብርሃኑን የሚበትነው ያ ብናኝ ነው። የምንተነፍሰው ብናኝ ሁሉ ከምድጃ ወይም ከመኪና ጭስ ማውጫ የወጣ አይደለም ማለት ነው። ገሚሱ አየሩ ራሱ ውስጥ የተወለደ ነው። መብራቱን አብሩልኝ። ይህ ዕቃ እንግዲህ ቻምበር ነው። በጣም ትንሽ ቻምበር።

ነገሩ ቀድሞ ከገባቸው ሰዎች አንዱ አሪ ሃገን-ስሚት ነው። ትውልዱ ኔዘርላንድስ፣ ኑሮው ካሊፎርኒያ። ባዮኬሚስት ነበር፤ የአናናስን ሽታና ጣዕም የሚሰጡትን ንጥረ ነገሮች ይለይ ነበር። ሎስ አንጀለስ ደግሞ ከ1943 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓይን በሚያቃጥል ጭጋግ ትሰቃይ ነበር። የብዙዎች ግምት እንደ ለንደን የከሰል ድኝ ነው የሚል ነበር። ሃገን-ስሚት የአናናሱን መሣሪያ ወደ ከተማው አየር አዞረው። 1950ዎቹ ሲጀምሩ መልሱን አገኘ። ከመኪናና ከነዳጅ ማጣሪያ የሚወጣው ተን ከናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋር ሆኖ ፀሐይ ሲመታው ኦዞን ይሰራል። ለማስረጃ ከተጠቀመባቸው ነገሮች አንዱ የጎማ ቁራጭ ነው። ኦዞን የተለጠጠ ጎማን ይሰነጥቃል።

የነዳጅ ኩባንያዎቹ ወገን አልተቀበለውም። እሱም አናናሱን ትቶ ሙሉ በሙሉ ወደዚህ ገባ። ጋዞቹን በዝግ ክፍል ቀላቀለ፣ ብርሃን አበራባቸው፣ የከተማውን ጭጋግ በእጁ ሰራው። ሎስ አንጀለስን የሚያክል ከተማ ክርክሩን ማቆም የጀመረው ጭጋጉ ዝግ ክፍል ውስጥ ሲሰራ ታይቶ ነው። በኋላ ሰውዬው የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ የመጀመሪያ ሊቀመንበር ሆነ።

ዛሬ ቻምበሮቹ ትልልቅ ናቸው። ስፔን ቫሌንሲያ ውስጥ ኢዩፎር የሚባሉ ሁለት አሉ። እያንዳንዳቸው ወደ 200 ሜትር ኩብ ይይዛሉ። ቅርጻቸው ግማሽ ክብ ነው፣ ጎጆ ቤት ይመስላሉ። ግድግዳቸው ቴፍሎን የሚባል ስስ ፕላስቲክ ነው። ቴፍሎን የተመረጠው ፀሐይን ከነአልትራቫዮሌቱ፣ ዓይን ከማያየው ብርቱ ጨረሯ ጋር፣ ስለሚያሳልፍና ከጋዞቹ ጋር ስለማይዋሃድ ነው። ሙከራ በሌለበት ሰዓት የብረት ክዳን ይሸፍናቸዋል፤ ክዳኑ ሲከፈት ፀሐይ ትገባለች። ጀርመን ዩሊሽ ያለው ሳፊር 270 ሜትር ኩብ ነው። ጄኔቫ አጠገብ፣ ሰርን በሚባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ውስጥ፣ ክላውድ የሚባል 26 ሜትር ኩብ የማይዝግ ብረት በርሜል አለ። ጫካ የሚያወጣው ተን ሰልፈሪክ አሲድ ሳያስፈልገው ለብቻው ብናኝ ሊሰራ እንደሚችል ያሳዩት እዚያ ነው፤ በ2016 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። በጫካ ለተከበበች እንደ ጅማ ላለች ከተማ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ቻምበር ላይ ለሁለት ሳምንት በእንግድነት የመስራት ዕድል አግኝቼ ነበር። ያየሁትን ላጫውታችሁ።

በመጀመሪያው ቀን ማገዶ እናነዳለን ብዬ ጓጉቼ ሄድኩ። ማገዶ የለም። ቻምበሩ እየታጠበ ነው። ውሃ አይደለም የሚያጥበው፣ ንጹህ አየር ነው። ሌሊቱን ሙሉ ንጹህ አየር ይነፋበታል። በማግስቱ "ባዶ ሙከራ" ተባለ። ምንም ሳይጨመር ክዳኑ ተከፍቶ ፀሐይ ይገባል፣ መሣሪያዎቹ ይለካሉ። ባዶ ነው ያልነው አየር ባዶ አልነበረም። ትንሽ ትንሽ ነገር ይታያል። ትናንት፣ ከትናንት ወዲያ፣ ባለፈው ወር የገባው ነገር ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቀርቶ ፀሐይ ሲነካው ይወጣል። ናይትረስ አሲድ የሚባለውማ ከግድግዳው እየወጣ ራሱ ኬሚስትሪውን ያስጀምረዋል።

ያኔ ትዝ ያለኝ ጀበና ነው። ቡና የለመደ ጀበና ሻይ ቢያፈሉበት ሻዩ ቡና ቡና ይላል። አዲስ ምጣድም ሳይሟሽ አይጋገርበትም። ቻምበርም ይሟሻል። የቻምበሩ ኃላፊ አንዲት ሴት ነበረች፣ ምን ሲደረግ እንደነበር በየቀኑ የምትጽፍበት ወፍራም መዝገብ ነበራት። የእኛን ሙከራ ከመጀመሯ በፊት ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ምን እንዳስገቡ ገልጣ አነበበች። "ይህን ሳላውቅ የእናንተን ቁጥር አላምነውም" አለች።

ሌላው ችግር ብናኙ ግድግዳው ላይ መለጠፉ ነው። ሊጥ ቡሃቃ ላይ እንደሚቀረው ማለት ነው። በትንሽ ዕቃ ያቦካች ሴት ከሊጧ ብዙው ዕቃው ላይ ይቀርባታል። በትልቁ ያቦካች የሚቀርባት ከጠቅላላው ሲታይ ትንሽ ነው። ቻምበር ትልቅ የሚሆነው ለዚህ ነው። ጎኑ 1 ሜትር የሆነ ሳጥን ለአንድ ሜትር ኩብ አየር 6 ካሬ ሜትር ግድግዳ አለው። ጎኑ 5 ሜትር ሲሆን ለአንድ ሜትር ኩብ አየር የሚደርሰው ግድግዳ 1.2 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። አየሩ ግድግዳውን ሳይሆን ራሱን እንዲሰማ ቦታ ያስፈልገዋል።

በአራተኛው ቀን ጭሱ ገባ። ከምድጃው በሞቀ ቱቦ ተስቦ ነው፤ ቱቦው የሚሞቀው ጭሱ በመንገድ ላይ እንዳይለጠፍ ነው። ቀዳዳው ተዘጋ። ከዚያ መጠበቅ። ስድስት ሰዓት ያህል ወንበር ላይ ተቀምጠን ስክሪን አየን። ከጭሱ የወጡት ጋዞች ቀስ በቀስ ኦክስጅን ይይዛሉ። ኦክስጅን የያዘ ሞለኪውል ይከብዳል፣ እንደ ልጣጩ ሽታ ወደ ብናኝ ይወርዳል። የእንጨት ምልክት የሆነው ሌቮግሉኮሳን የሚባለው ስኳር መሰል ነገር እየተሰባበረ ያንሳል። ጥዋት ያስገባነውና ከሰዓት ያወጣነው አንድ ጭስ አልነበረም።

እንግዲህ "የእኛ ጭስ ለብቻው ለምን ይጠናል? እዚያ የተጠናው አይበቃም ወይ?" የሚለኝ አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው።

አይበቃም። የምናነደውን እንይ። ባሕር ዛፍ፣ የቡና እንጨት፣ የቡና ገለባ፣ ጭራሮ፣ አንዳንድ ቤት ኩበት፣ ከሰል። ጅማ ውስጥ የቡና ገለባ የሌለበት ሰፈር ፈልጉ ብትሉኝ እቸገራለሁ። ገለባው ሲነድ ነበልባል እምብዛም የለውም፣ ይጨሳል፣ ለሰዓታት ይጤሳል። ነበልባል ያለው እሳት ጥላሸት ያበዛል። የሚጤስ እሳት ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድና ዘይት ዘይት የሚል ብናኝ ያበዛል። ሁለቱ ፀሐይ ላይ ሲወጡ የሚሆኑት አንድ አይደለም።

ከዚያ እርጥበቱ። የሐምሌ ማገዶ ምን እንደሚመስል ለእናቶች አልነግርም። የጅማ ክረምት ረጅም ነው፣ ፍልጡ ሳይደርቅ ምድጃ ይገባል። እሳቱ መጀመሪያ ውሃውን ለማትነን ይደክማል። እፍ ሲባልበት ዓይን ይጠፋል። ብዙ የውጭ ላቦራቶሪዎች የሚያነዱት ግን ደርቆ የተመዘነ እንጨት ነው።

ፀሐዩም ሌላ ነው። ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ነን፣ ለምድር ወገብም ቅርብ ነን። አልትራቫዮሌቱ ጠንካራ ነው። ጫካውም አለ። ባሕር ዛፍ አይሶፕሪን የሚባል ጋዝ በብዛት ከሚያወጡ ዛፎች አንዱ ነው። የምድጃው ጭስ ሽቅብ ሲወጣ የሚቀላቀለው ከዚህ ከዛፎቹ እስትንፋስ ጋር ነው። ማገዶው፣ እርጥበቱ፣ ፀሐዩና ጫካው አንድ ላይ የተገናኙበትን ጭስ ሌላ ሰው አጥንቶ ሊሰጠን አይችልም።

አንድ ነገር ግን ልብ ይነካል። የኖርዝ ካሮላይና ኤ ኤንድ ቲ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የምስራቅ አፍሪካን ማገዶ በራሳቸው ቻምበር ውስጥ አንድደው አጥንተውታል። በ2020 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ስራ አለ። አከብራቸዋለሁ። ሌሎች ያላዩትን እነሱ አይተውታል። ያንን ሳነብ ግን ያሰብኩት፣ ፍልጡ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሲጠና፣ ጭሱን የምትተነፍሰው ሴት ግን ምድጃዋ ስር እንዳለች ነው።

የጉዳቱን ልክ በሁለት ቁጥር ልንገራችሁና ልለፈው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። ያው ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ ፒኤም 2.5 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ በ24 ሰዓት አማካይ ከ15 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ባይበልጥ ይላል። በማገዶ በሚበሰልበት ማድ ቤት ሲለካ በመቶዎች ነው የሚገኘው፣ አንዳንዴም ከሺህ ያልፋል። እናቴ ማድ ቤት ስትወጣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ነበር የምናውቃት። የእናቴ መልክ ያ ነበር። በሽታ ነው ብለን አናውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። ቻምበር ውድ ነው። ፕላስቲኩ አይደለም ውዱ። አጠገቡ የሚቆሙት መሣሪያዎች ናቸው። ጋዞቹን በየሰከንዱ የሚለይ አንድ ማስ ስፔክትሮሜትር በመቶ ሺዎች ዶላር ያወጣል። የሚጠግነው ሰው ያስፈልጋል፣ የማይቋረጥ መብራት ያስፈልጋል። አንድ የትምህርት ክፍል ለብቻው ልግዛ ቢል ዕዳ ነው የሚገዛው።

ግን እኛ እኮ ይህን ችግር ፈትተነዋል። ሰፈራችን ውስጥ ለብቻው የሐዘን ድንኳን ያለው ቤት ስንት ነው? የለም። ድንኳኑ የዕድሩ ነው። ብረት ድስቱ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብርጭቆው ሁሉ የዕድሩ ነው። ማንም ቤት ብቻውን አይገዛውም፣ ማንም ቤት ግን አያጣውም። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዕቃ የሚጠብቅ አለው። ድንኳኑ ሲወጣ ይመዘገባል፣ ሲመለስ ይቆጠራል። የቀደደ ያሰፋል። ሁለት ቤት በአንድ ቀን ከፈለጉት ማን ይቅደም የሚለውን ደንቡ ይፈርዳል።

የአውሮፓ ቻምበሮች የሚሰሩት ልክ እንደዚሁ ነው። ዩሮቻምፕ በሚባል መረብ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተሳስረው ቆዩ። አሁን አክትሪስ የሚባል ቋሚ ተቋም አላቸው፤ በ2023 በሕግ ተቋቋመ፣ ዋና መቀመጫው ሄልሲንኪ ነው። ተመራማሪ ጥያቄውን በአጭር ማመልከቻ ያቀርባል። ጥያቄው ጥሩ ከሆነ ቻምበሩን ይጠቀማል። የገንዘብ ድጋፍ ባለበት መርሃ ግብር ወጪውም ይሸፈንለታል። ከአውሮፓ ውጭ ላለ ሰውም የሚከፈት በር አለ፤ ድርሻው ውስን ነው፣ ግን አለ። ውጤቱም ሌላው እንዲጠቀምበት በጋራ ቋት ይቀመጣል። ይህ የመጨረሻው ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። ከዕድር ድንኳን የሚሻለውም በዚህ ነው፤ ድንኳኑ ይመለሳል፣ ውጤቱ ግን ለሁሉም ይቀራል።

እኛ ግን መሣሪያን እንደ ዕድር ዕቃ አናይም፤ እንደ ጥሎሽ ነው የምናየው። ምሳሌ ልስጥ። ቦታውን አልጠራም። አየር የሚለካ ጥሩ መሣሪያ በፕሮጀክት ገንዘብ ተገዝቶ መጋዘን ገባ። ለጥቂት ሳምንት ልዋሰው ብዬ ጠየቅኩ። ደብዳቤ ጻፍ ተባልኩ፣ ጻፍኩ። የተቋሙ ንብረት ከግቢ አይወጣም ተባለ። እሺ፣ እዚያው ልምጣ አልኩ። ቁልፉ ያለው ሰው ስልጠና ሄዷል። ወራት አለፉ። በመጨረሻ ተከፈተልኝ። ፕላስቲኩ እንኳን አልተላጠም ነበር። ፓምፑ ውስጥ ያለችው ጎማ ግን ደርቃ ተሰንጥቃለች። ከጣቴ ጥፍር የማትበልጥ ጎማ ናት። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ አላለቀስኩም ብል ውሸት ነው። ያ መሣሪያ በየሳምንቱ በሌላ ሰው እጅ ቢያልፍ ኖሮ ጎማዋ በጊዜ ትታይ ነበር። ዕቃ የሚበላሸው ከመዋስ ይልቅ ከመቀመጥ ነው።

ስለዚህ የምለው እንዲህ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤናም፣ የግብርናም፣ የምህንድስናም ክንፍ ያለው ግቢ ነው። የጤናው ሰው ሳንባን ያውቃል። የግብርናው ሰው ቡናውንና ገለባውን ያውቃል። ኪቶ ፉርዲሳ ያሉት መሐንዲሶች ምድጃ ይሰራሉ፣ ኤሌክትሮኒክስ ይገጥማሉ። አየሩ ሶስቱንም ይነካል። ጥቂት ሜትር ኩብ የሚይዝ የቴፍሎን ድንኳን፣ ከጎኑ ምድጃ፣ ከላይ አልትራቫዮሌት መብራት፣ ጥቂት አስተማማኝ መለኪያ። ሲጀመር ይህ ይበቃል። ትልቁን ማስ ስፔክትሮሜትር አንገዛም። ናሙናችንን በማጣሪያ ወረቀት ይዘን መሣሪያው ካለበት እንልካለን፣ የአውሮፓውንም በር እናንኳኳለን። ከመቐለ፣ ከባሕር ዳር፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከሐሮማያ የሚመጣ ተማሪ ማገዶውን ጭኖ መጥቶ ሳምንቱን ይጠቀማል። የወይናደጋው ጭስና የቆላው ጭስ በአንድ ድንኳን፣ በአንድ ደንብ ይመዘናሉ።

የመጀመሪያው ጥቅሙ ቀላል ነው። አሁን በርካሽ የሚገዙ ትንንሽ የብናኝ መለኪያዎች አሉ። ብርሃን ያበራሉ፣ የተበተነውን ይቆጥራሉ፤ ቅድም በጨረሯ ያየነው ማለት ነው። ግን እርጥብ አየር ውስጥ ብናኙ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ መለኪያውም ከእውነተኛው በላይ ያነባል። ጅማ ምን ያህል እርጥብ እንደሆነች ታውቃላችሁ። ሌላ አገር ጭስ ላይ የተስተካከለ መለኪያ እዚህ ሲመጣ ይሳሳታል። ቻምበር ካለን የራሳችንን ጭስ አስገብተን ከጥሩ ሚዛን ጋር አስተያይተን እናስተካክለዋለን። ከዚያ በየትምህርት ቤቱ፣ በየጤና ጣቢያው ብንሰቅለው ቁጥሩ ይታመናል። አዲስ አበባ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ለዓመታት የብናኝ ልኬቱን ለሕዝብ ያሳይ ነበር። በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ማሳየቱ በዓለም ዙሪያ ተቋረጠ። በሰው ሚዛን መኖር እንዲህ ነው።

ከንግግሩ በኋላ ጥያቄዎች ነበሩ። ሁለቱን ብቻ ላስቀምጥ።

ፊት ለፊት የተቀመጡ አንዲት እናት "ልጄ፣ ድንኳኑ እስኪመጣ እኔ ጭሱን ምን ላድርገው?" አሉኝ።

እማማ፣ መጀመሪያ ፍልጡን አድርቁት አልኳቸው። ከጣሪያ ስር፣ ዝናብ በማይደርስበት፣ አየር እንዲያልፈው ተላልፎ ይደርደር። የሚበስለው ከቤት በተለየ ማድ ቤት ከሆነ፣ በሩና መስኮቱ ፊት ለፊት ሆነው ይከፈቱ። ሕፃን ታዝሎ እሳት አይነደድ፤ ልጁ የሚተነፍሰው እናቱ የምትተነፍሰውን ያንኑ ጭስ ነው፣ ሳንባው ግን ትንሽ ነው። ዝግ ክፍል ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ አይተኛ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሳያስታውቅ ነው የሚገድለው። መብራት ባለ ቀን በኤሌክትሪክ ምጣድ ጋግሩ። ግልገል ጊቤ አንድ፣ ያ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ፣ ከዚህ ሩቅ አይደለም። እሳት የግድ ሲሆን ደግሞ እንደ "ምርጥ" ያለው የተሸፈነ የእንጀራ ምድጃ ማገዶውን በእጅጉ ይቀንሰዋል። "ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም" ይባላል። ለወጡ እውነት ይሆናል። ለሳንባ ግን ጉልቻ መለወጥ ለውጥ አለው። እሳቸውም ሳቁና "የምድጃው ዋጋ ነው እንጂ ነገሩስ ገብቶናል" አሉ። ልክ ናቸው። የዋጋው ነገር የእኔ መልስ የማይደርስበት ነው። ምድጃ የሚደግፉ ሰዎች የትኛው ምድጃ በእርጥብ ማገዶ ምን ያህል እንደሚቀንስ ቁጥር ይጠይቃሉ። ያ ቁጥር ነው የጎደለን።

አንድ የኬሚስትሪ ተማሪ ደግሞ "ድንኳኑ ነገ ቢቆም መጀመሪያ ምን ታስገባለህ?" አለ።

ይህን መልስ ለወራት ሳስበው ነው የቆየሁት። የሐምሌን ባሕር ዛፍ አስገባለሁ። እርጥቡን ለብቻ፣ የደረቀውን ለብቻ። ከአንድ ዛፍ የተፈለጠ፣ በአንድ ምድጃ የነደደ። በሁለተኛው ሳምንት የቡና ገለባ። ጭሱን እስከ ከሰዓት ድረስ መብራት ስር አቆይቼ ማለዳ ምን ነበር፣ አመሻሽ ላይ ምን ሆነ የሚለውን አያለሁ።

ፍልጡን ገዝቼዋለሁ። ከሄርማታ መርካቶ ነው። ሁለት እስር ነው፣ ቢሮዬ ጥግ ላይ ተደርድሯል፣ እያንዳንዱ ፍልጥ ላይ ቁጥር ጽፌበታለሁ። አንደኛው እስር በላስቲክ ተጠቅልሎ እርጥበቱን እንደያዘ አለ። ሁለተኛው ክፍት ነው። የገዛሁት ቀን 4 ኪሎ ከ200 ግራም ነበር። ትናንት ስመዝነው 3 ኪሎ ከ100 ሆኗል። ሰኞ እንደገና እመዝነዋለሁ።